ጋሼ የዘጋው ብሬከር

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለሽቦው፣

ይህች ወረቀት ጤናህ ሙሉ፣ ልብህም ያረፈ ሆኖ ታግኝህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ነን ማለት ደንብ ነውና። አባዬ ትራስ ተደግፎ ከጎኔ ተቀምጧል። «ሰላምታውን አታሳጥሪው፣ ልጁ ሰው አገር ነው ያለው» እያለ ያጣድፈኛል።

ስልክ በቃኝ ብሏል። ድምፅህን ሲሰማ መመለስ ያምረዋል፤ ሁለት ቃል ሳይናገር ትንፋሹ ያልቅና ግማሽ ቀን ደክሞት ይውላል። ደብዳቤ ሲሆን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ መልስልኝ የሚለው ሰው የለም። ስለዚህ ጻፍልን፤ እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ለእኔ ብቻ የምትለው ካለህ ለብቻው ወረቀት ላይ አድርገው።

እንደምታውቀው ዕድሜውን ሙሉ መኪና ላይ ቀለም ሲረጭ የማገው ነገር ሳንባውን ጨርሶታል። ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ከአፍንጫው ከተነቀለ ከንፈሩ ወዲያው ይጠቁራል። ማሽኑ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም፤ መብራታችንም እንደ ባለዕዳ ሲፈልጉት የሚጠፋ ነው። ለዚህ ብለን ጣሪያው ላይ አራት ሶላር አሰቀልን፤ ባትሪና ኢንቨርተርም ገዛን። ሁሉም ነገር አምሮ ሳለ፣ ከሶላሩ የሚመጣው መስመር ላይ የተገጠመው ብሬከር ፀሐይ ስትበረታ በራሱ እየወረደና መስመሩን እየቆረጠ አስቸገረን። እኔ ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ፤ መውረዱን የማውቀው ባትሪው አለቅሁ ብሎ ሲጮህ ነው። ያን ጊዜ እንዴት እንደምሮጥ ባየኸኝ ትስቅ ነበር፣ ወይ ታለቅስ ነበር።

ዕቃ ሻጩ «ከፍ ያለ ቁጥር አስገቢበትና ተገላገዪ» አለኝ። ጎረቤታችን ራዲዮ ጠጋኙ ግን «የሽቦን ነገር ሽቦውን ጠይቂ» አለ። አንተ የምትሠራው ሶላር በተተከለበት ሜዳ አይደል? እባክህ የማይወርድ ብሬከር ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አባዬ «ክሳቱ እንዳለ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅሃል።

እታለምህ


ጥቅምት 27

ለማከብርዎ ለጋሼ፣ ለምወድሽም ለእታለም፣

መንገዱ ራቀ እንጂ ሐሳቤ ከደጃችሁ ርቆ አያውቅም። ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለሁ። ጋሼ፣ ክሳቴ እንዳለ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ዛፍ የሚባል የለም፤ በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ጥላ ሲያጣ ፓነል ሥር ሾልኮ የሚተኛው እኔ ብቻ ነኝ። ሲያሳድጉኝ ሽቦ ብለው ስም ያወጡልኝ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

እታለም፣ ብሬከሩ የሚወርደው ሥራውን ስለሚሠራ ነው። የማይወርድ ብሬከር የማይጮህ ውሻ ማለት ነው፤ ሌባ ሲገባም ዝም ይላል። ሻጩን አትስሚው። ሦስት ነገር እይልኝ። ብሬከሩ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የተጠማዘዘች ማዕበል የምትመስል ምልክት ካለች ለቤት መብራት የተሠራ ነው፣ ኤሲ የሚባለው። ለሶላር ዲሲ የሚል የተጻፈበት ነው የሚያስፈልገው። ከፓነሉ ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥርም ገልብጪልኝ። የሽቦውንም ውፍረት። ብሬከር የሚመረጠው በዚህ ነው፦ ፓነሉ ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ጅረት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሽቦው ከሚችለው ግን አይበልጥም። ከበለጠ ብሬከሩ ቆሞ ሽቦው ይነዳል።

መቼ ትመጣለህ እንዳትሉኝ። ውሌ ሳያልቅ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።

ሽቦው

(ይህችን ለብቻሽ) ፊት ለፊት ያልጻፍኩት ጋሼ እንዳይሰጋ ነው። የቤት መብራት ኤሌክትሪክ በየቅጽበቱ ያርፋል፤ ብሬከሩን ስትዘጊው በመሃል የምትነሳው እሳት ያን ጊዜ ትጠፋለች። የሶላር ኤሌክትሪክ ግን አያርፍም። የተሳሳተ ብሬከር በቀትር ስትዘጊ ውስጡ እሳት ተዘርግቶ ይቀራል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ክፍሉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን የሚነፋበት ክፍል ነው። እሳት ኦክስጅን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለቀለም ቀቢ ልጅ አልነግራትም። ብሬከሩን መርጬ እኔው እልካለሁ። እስከዚያ በፀሐይ እንዳትነኩት።


ኅዳር 15

ለወንድሜ ለሽቦው፣

ሰላምታዬ እንደ ሜዳህ ይስፋልህ፣ ጥላ ግን አይጣብህ። ደብዳቤህን ሳነብለት አባዬ የፓነሉ ሥር መኝታህ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ሳቅ ያስለዋል፤ ቢሆንም ሳቀ። ደግመሽ አንብቢው ብሎኝ ደግሜ አነበብኩለት።

ጣሪያው ላይ የወጣሁት ራሴ ነኝ። ሥራ የፈታ ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ «ውረጂ፣ አንቺ ሴትዮ» ይለኛል። አንዱም መሰላሉን አልያዘልኝም። የፓነሉ ጀርባ 46 ቮልት፣ 9 አምፔር ይላል። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የተያያዙት። ሽቦው ላይ 6 የሚል ተጽፏል። ብሬከሩ ላይ ያልካት ማዕበልም አለች፤ ሻጩ ሆዬ እያየ ነው የሰጠኝ።

ቀጥሎ ያለውን ለአባዬ ሳነብለት ዘልዬዋለሁ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ከእንግዲህ ሌላ መድኃኒት የለም፣ ማሽኑ ብቻ ነው አለኝ። በማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ሊኖር ይችላል አለኝ። «ብዙ» ያላትን ቃል ይዤ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ስለዚህ ወንድሜ፣ የምትልከውን ቶሎ ላከው።

እታለምህ


ኅዳር 30

ለጋሼና ለእታለም፣

በዚህ ወረቀት ፈንታ እኔ ብመጣ ደስታዬ ነበር፤ የመጣችው ወረቀቷ ናት፣ በደስታ ተቀበሏት። ወደ እናንተ አገር የሚመጣ ባልደረባዬ ብሬከሩን ይዞላችኋል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ሁለቱ ጥንዶች ሲደመሩ አሥራ ስምንት አምፔር ይሰጣሉ። ፀሐይ አንዳንዴ ከተጻፈው በላይ ስለምትሰጥ ጨመር አድርጌ ባለ ሠላሳ ሁለት መረጥኩ፤ ሽቦው ይህን ያለ ችግር ይችላል። ቮልቱም ዘጠና ሁለት ይሆናል፣ በብርዳማ ጠዋት ከዚያም ያልፋል፤ ብሬከሩ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ዲሲ ይቋቋማል። ስለዚህ በቁጥር በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።

የመደመር ምልክት ያለችበት ጫፍ ላይ ከፓነሉ የሚመጣው ሽቦ ይገባል። ይህን ራዲዮ ጠጋኙ ያውቀዋል ብዬ ብዙ አላብራራም። ጋሼ፣ እንግዲህ ማሽኑ ሳይቋረጥ ይተንፍሱ። ውሌ ሲያልቅ መጥቼ እግርዎን እስማለሁ።

ሽቦው


ታኅሣሥ 21

ለወንድሜ ለሽቦው፣

እጅህ አይንጠፍ። የላከ ልጅ፣ ያደረሰ መልእክተኛ፣ ሁለታችሁም ክፉ አይንካችሁ። ብሬከሩ ከተሰቀለ ወዲህ አንዴም አልወረደም። ፀሐይ አናት ስትበሳ ከስፌቴ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ቀጥ ብሏል። መብራት ቢሄድም አልሮጥም። ሁለቱ ልጆቼ «እማዬ ወፈረች» ይሉኛል፤ ሩጫው ቀርቶብኝ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ራዲዮ ጠጋኙ እንዳዘዝከው የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጎ ከአባዬ አልጋ ጎን ሰቀለው። አባዬ ማታ ካልዘጋሁት አለ። ታውቀዋለህ፣ ጋራዥ እያለ ሲመሽ ዋናውን ቁልፍ በራሱ እጅ ሳይዘጋ ወደ ቤት አይገባም ነበር። ያ ቁልፍ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ወደ ታች ሲጎትቱት ይከፈታል፣ ወደ ላይ ሲገፉት ይዘጋል። እጁ የለመደው ያንን ነው። ብሬከሩን ለመዝጋት ወደ ላይ ይገፋል፤ ብሬከሩ ግን ቀድሞውንም ወደ ላይ ነው። ማታ ማታ ይታገለዋል። «ወደ ታች ነው፣ አባዬ» እለዋለሁ፤ እሺ ይልና በነጋታው ይረሳዋል። አንድ ማታ «እጄም ከዳኝ» ብሎ አለቀሰ። እኔ አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ራዲዮ ጠጋኙን ጠራሁና ገልብጥልኝ አልኩት። «መቼም ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ ቢገለበጥ ምን ይሆናል» አለና ፈትቶ፣ አዙሮ ሰቀለው። ሽቦዎቹን እንደነበሩ አስገባቸው፤ ከጣሪያ የመጣው ከላይ፣ ወደ ባትሪው የሚሄደው ከታች። አሁን አባዬ ፀሐይ ስትጠልቅ እጁን ዘርግቶ ራሱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጠዋት ወደ ታች ይስበዋል። የቀረችው ሥራ ይህቺ ናት፤ ሠርቶ እንደዋለ ሰው ሆኖ ይተኛል።

«ለላከልኝ ልጅ ከእኔ የረዘመ ዕድሜ ይስጠው» ብሎሃል። አሜን በል።

እታለምህ


ጥር 9

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ምርቃትዎን እጅ ነስቼ ተቀብያለሁ። አሜን ብያለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራው ደህና ነው፣ አየሩም ደህና ነው። ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ፤ ደብዳቤ ወሳጁ በር ላይ ቆሟል።

ሽቦው

(ለብቻሽ፣ አሁኑኑ አንብቢው) እታለም፣ ስልክሽን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይጠራም። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል መሰለኝ። ይህን በር ላይ ለቆመው ሰው እሰጠዋለሁ፤ ነገ ይሳፈራል።

ያ ብሬከር ተገልብጦ እንዲሠራ የተሠራ አይደለም። ውስጡ ትንሽ ማግኔት አለች። ስትዘጊው የምትነሳውን እሳት ወደ ማጥፊያው ክፍል የምትገፋት እሷ ናት። ጅረቱ በምልክቷ በኩል ከገባ ብቻ ነው ወደ ትክክለኛው ቦታ የምትገፋት። ብሬከሩ ሲዞር ምልክቷም አብራ ወደ ታች ሄደች፤ የፓነሉ ሽቦ ግን አሁንም ከላይ ነው የገባው። እንግዲህ ማግኔቷ እሳቱን የምትገፋው ወደ ፕላስቲኩ ነው። እስካሁን የተረፋችሁት ጋሼ የሚዘጋው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ጅረቱ ሲያልቅ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን በቀትር ቢዘጋው፣ ወይ ከልጆችሽ አንዷ ብትነካው፣ ከኦክስጅኑ አጠገብ፣ ከአንቺ የጨርቅ ክምር ጎን...

ሌላ አልጽፍም። ሳይነጋ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ዝጊው። ከዚያ ራዲዮ ጠጋኙ ፈትቶ እስኪያስተካክለው ድረስ በምንም ምክንያት አትክፈቱት። የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንበትም። አንቺ ራስሽ ሽቦውን እንዳትፈቺ፤ ፀሐይ ካለች ፓነል አይተኛም።


የካቲት 4

ለወንድሜ ለሽቦው፣

በዚህች ወረቀት መጀመሪያ ላይ የምጽፈው ሰላምታ ጠፋኝ። ፈጣሪ ያጽናህ። በስልክ እኔ ሳለቅስ አንተ ምንም አልሰማህም፤ አሁን በወረቀት ልንገርህ።

ደብዳቤህ ሲደርስ የመጀመሪያዋን ወረቀት አነበብኩለት። «ልጁ ዛሬ አሳጠረ» አለ። ከዚያ «ሁለተኛዋን አንብቢ» አለኝ። የለም አልኩት። «አንቺ ስትዋሺ ወረቀት ታጥፊያለሽ» አለኝ። ምን ላድርግ? አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ራዲዮ ጠጋኙ ልጁ ወልዳ ሊጠይቃት ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር፤ በሳምንቱ ይመለሳል ብላናለች ሚስቱ። ሌላ ባለሙያ ልጥራ ስል ያ ማዕበሉን ያስታቀፈኝ ሻጭ ብቻ ነው ያለው። አባዬ «ሰባት ቀን ምንድን ነው፣ እንጠብቃለን» አለ። ሳይነጋ በራሱ እጅ ዘጋው።

ያን ቀን መብራት ነበረ። ማግስቱን ከሰዓት በኋላ ሄደ፤ ኔትወርኩም አብሮ። ባትሪው ሌሊቱን ያዘልን። ጠዋት መጮህ ጀመረ። ልጆቹን ኦክስጅን በሲሊንደር እንዲለምኑ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። ፀሐይዋ እንደዚያ ቀን ደምቃ አይቻት አላውቅም፤ ጣሪያው ላይ ተኝታበታለች። ሰውዬው ከጎኔ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከራሱ በላይ ደግሞ ፀሐይ በከንቱ ትፈሳለች። ልከፍተው እጄን ሰደድኩ። አባዬ አንጓዬን ያዘኝ። ጉልበት አልነበረውም፤ ብመነጭቀው ይለቀኝ ነበር። «ተይው» አለኝ። «ልጁ አትክፈቱ ብሏል። እሱ ያውቃል።»

አልመነጨቅሁትም። ልጆቹ ሲሊንደሩን በጋሪ አስይዘው ሲመጡ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። እጄን እንደያዘ ነው የሄደው።

አንተ ምንም አላጠፋህም። ይህን ጮክ ብዬ እንዳነበብኩልህ ቁጠረው።

እታለምህ


የካቲት 25

እታለም፣

ፈጣሪ አንቺንም ልጆችሽንም ያጽና። አባት ሆኖ አሳደገኝ፤ አፈር እንኳ አላለበስኩትም። ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። እንደ ወትሮው ቡሎን አጥብቄ እውላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ያን ብሬከር አትጣዪው። በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።

ሽቦው


ሚያዝያ 12

ለወንድሜ ለሽቦው፣

ጤናህን ይስጥህ። መልሴ ቆየ። የሚመጣ ሰው ጠፍቶ ነው ብዬ ብጽፍ ታምነኝ ነበር፤ ሰው ግን ነበረ። ልላክልህ ወይስ አልላክልህ እያልኩ እጄ ላይ አቆየሁት።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ራዲዮ ጠጋኙ ሲመለስ አውርዶ፣ ከፍቶ አይቶታል። ውስጡ ከሰል ሆኗል፤ አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ ቤቱ ከነሰዉ ይነድ ነበር አለ። በዓይኔም አይቼዋለሁ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ አድኖናል። አባዬም ትክክል ነበር። ይህን ይዘህ ተኛ።

በፈንታው አዲስ ገዝቶ ቀጥ አድርጎ ሰቅሎታል። ማሽኑን ማዶ ላሉት ጡረተኛ መምህርት አውሼአቸዋለሁ፤ የእሳቸውም ሕመም ሳንባ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያየኝ አልቻልኩም።

እታለምህ


ግንቦት 14

ለምወድሽ ለእታለም፣

ጤናሽ ይብዛልኝ፣ የልጆችሽም። ብሬከሩ ደርሶኛል። ሆዱን ማንም አልከፈተውም። ብሬከር በቡሎን አይገጠምም፤ በሪቬት ተቀጥቅጦ ነው የሚታሸገው፣ ለመክፈት መሰርሰር ያስፈልጋል። ሪቬቶቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። በመለኪያም ለካሁት፤ እንደ አዲስ ነው። ከሰል የሚባል የለም።

አልተቆጣሁም። ለእኔ ብለሽ የማታውቂውን ዕቃ ሆድ አይቻለሁ ማለትሽን ሳስበው አለቀስኩ፤ ከሞተ ወዲህ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ንጹሕ መሆኑም ምንም አያሳይም። ጋሼ በጅረት ላይ ዘግቶት አያውቅማ። ስለዚህ አለቃዬን አስፈቅጄ የሙከራ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት፤ እናንተ ቤት እንደነበረው ገልብጬ፣ የቀትር ፀሐያችሁን ያህል ጅረት ለቀቅሁበት።

ዘጋሁት። ብልጭ አለና ጠፋ። ከፍቼ ደግሜ ዘጋሁት። አሁንም ጠፋ። እታለም፣ የሰው ልጅ እሳት አልነድ ሲለው እንደዚያ ይጨነቃል ብዬ አላስብም ነበር። እሳቱ የሚጠፋ ከሆነ ጋሼ የሞተው በከንቱ ነው። እንደገና ዘጋሁት። አልጠፋም። በጎኑ በኩል ነጭ ብርሃን ወጣ፣ ይንጫጫል። ፕላስቲኩ እየቀለጠ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ዋናውን መስመር ስቆርጥ ነው የቆመው። ክፍሉ ኦክስጅን አልነበረበትም፣ ጨርቅም አልነበረበትም። እናንተ ቤት ሁለቱም ነበሩ። ማስጠንቀቂያዬ እውነት ነበር። ጋሼ መዝጋቱም ትክክል ነበር።

(ሁለተኛ ወረቀት) ከላይ ባለው ባቆም ደስ ባለኝ። አልቻልኩም።

የተገለበጠ ብሬከር የሚያቃጥለው ሲዘጉት ነው። ሲከፍቱት ምንም አይሆንም። ያን ጠዋት ከፍተሽው ቢሆን ማሽኑ ይነሳ ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም ሳይነካው ቢቆይ፣ ሲመሽ ጋሼ እንደ ልማዱ ቢዘጋው፣ እንዲያ እያላችሁ ራዲዮ ጠጋኙ እስኪመለስ መድረስ ትችሉ ነበር። ያን ማስጠንቀቂያ ስጽፍላችሁም ይህን አውቀው ነበር። «ክፈቱት፣ ግን ፀሐይ ሳለ እንዳትዘጉት» ማለት ነበረብኝ። ሰው ይምታታበታል፣ አንዱ ረስቶ ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አሳጥሬ «በምንም ምክንያት አትክፈቱት» አልኩ። እሱ ያውቃል አለሽ። አዎ፣ አውቅ ነበር።

ማቄን ጨርቄን አልልም። ከፈለግሽ አትጻፊልኝ።

ሽቦው


ሰኔ 3

ለወንድሜ፣

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ከሰሉ መዋሸቴን ስላወቅህብኝ አፍሬአለሁ፤ ሪቬት የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገረኝ?

የመጀመሪያዋን ወረቀት አነበብኩ። እሳቱ አልጠፋም ያልክበት ቦታ ስደርስ ተነስቼ ቆምኩ። ከሞተ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የምትመጣብኝ ያቺ የያዘኝ እጅ ናት፤ ብመነጭቀውስ ኖሮ እላለሁ። አሁን መልስ አገኘሁ። ልጆቼን ጠርቼ አስቀመጥኩና ነገርኳቸው፦ አያታችሁ ያን ብሬከር ሳይከፈት ያስቀረው እናንተን ከእሳት ለማዳን ነው፣ አጎታችሁ በመሣሪያ አረጋግጦታል አልኳቸው። ትልቋ አለቀሰች። ትንሿ ግን ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ መተኛት አትፈራም፤ አልጋውን ለእሷ ሰጠኋት።

ሁለተኛዋን ወረቀት አላነበብኳትም። እንደታጠፈች መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። የጀመረችበትን መስመር አይቻለሁ፣ ባቆም ደስ ባለኝ ትላለች፤ እንግዲያው አቁም። ምን እንዳለባት አትንገረኝ። አልጠይቅህም፣ ልጆቼም አይጠይቁህም።

ከእንግዲህ ስለ ብሬከር አትጻፍልኝ። ስለ ራስህ ጻፍ። የምትተኛበት ክፍል መስኮት አለው? የሚያበስልልህ ሰው አለ? ሥራ ላይ የምታወራው ጓደኛስ? በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ እኛ ዕቃ ስንጠይቅህ፣ አንተ ታመህ እንደሆነ እንኳ የጠየቀህ የለም።

እታለምህ